በፍልሰታ የጠመቅሁት የተዝካር ጠላ

ያን ቀን ጠዋት ጋኑ ላይ ጆሮየን ለጥፌ ነበር። ኢህአዴግ ገብቶ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ነው፣ በክረምት፣ ከማንኩሳ ወረድ ብሎ ካለው ቤታችን። የባለቤቴ የአድማሱ አርባው ነበር። ስንቱን ረስቸዋለሁ፣ ይችን ቀን ግን አልረሳኋትም።

ደህና ጠላ ሲደርስ ጋኑ ውስጥ ይንሾካሾካል። የኔው ዝም አለ። ጭጭ።

ክረምቱም ክፉ ነበር። ፀሐይ ጠፍታ ብቅሉን እሳት ዳር ነው ያደረቅሁት። ጌሾውን ከቡሬ ገበያ ሲያመጡልኝ ዝናብ መትቶታል። ጋኑን በገለባና በአሮጌ ጋቢ ጠቅልየ እንዲሞቀው ብል፣ ምኑ ይሞቀዋል!

የአድማሱ ታላቅ እህት፣ እትየ ደብሬ፣ "ተዝካሩን እኔ ቤት ላውጣው፣ አንች አትችይውም" ብላኝ ነበር። እንቢ አልኋት። "የባሌን ተዝካር የማወጣው እኔ ነኝ" አልሁ። ድሮም "ወንድሜን አላስታመመችውም" እያለች ታስወራብኝ ነበር። ጠላው ከተበላሸ፣ በቃ፣ ያለችው ሁሉ እውነት ሊሆን ነው።

ልቅመሰው እንዳልል ፍልሰታ ነው። ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃም ባፌ አይዞር። ሕፃኑ ሳይቀር ይጾማል፣ ማንን ላስቀምስ? ላሽተው ብል ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫየ ተደፍኗል። ጋኑን አቅፌ አለቀስሁ። "እመቤቴ፣ እኔን ተይኝ፣ እሱን አታሳፍሪው" አልሁ።

ኋላ የሺ ትዝ አለችኝ። ጎረቤቴ ናት፣ ልጅ እግር። በዚያ ሰሞን ወልዳ ተኝታለች፣ አራስ ደግሞ አትጾም። ትንሽ በጣሳ ቀዳሁና፣ ዝናቡ እንዳይገባበት በነጠላየ ከልየ ሮጥሁ።

"የሺ፣ በሞቴ ቅመሽልኝ። እውነቱን ንገሪኝ።"

ተቀበለችኝና ጎንጨት አለች። አፏ ውስጥ ትንሽ አቆይታ ዋጠችው። ዓይኗን ወደ ሕፃኑ መልሳ፣ "ግሩም ነው እትየ" አለችኝ። "ይልቅ ይሂዱና ቅዳሴዎን ይስሙ።"

አየ፣ እንዴት ቀለለኝ! ቤተ ክርስቲያን ሄጀ ቆምሁ። አድማሱ ከሞተ ጀምሮ ልቤ ረግቶ ለሱ የጸለይሁ ያን ዕለት ነው። ዕንባየ እንኳ ሳይቆረቁረኝ ወረደ።

ቅዳሴ ወጣና ሰው ደጃችን ሞላ። የነፍስ አባታችን ባረኩ። ዋንጫውን ተቀበሉ፣ አንድ ጊዜ ጎንጨት ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዋጡት፣ መዋጡንስ ዋጡት። ከዚያ ዋንጫውን መደቡ ሥር ሸሸግ አደረጉና፣ "ልጄ፣ እስቲ ውሃ ስጭኝ" አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሁሉም ቀመሰ። አንዱም አልጨረሰ። እትየ ደብሬ ብቻ ብድግ አለች። "ይህን ለወንድሜ ነፍስ ነው የቀዳሽው? ይህ ለጅብም አይቀዳ!" አለች። እኔም እንስራውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሰው እህሉን በልቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። ዋንጫው ሁሉ እንደሞላ ወንበሩ ሥር ተኮልኩሎ ቀረ። ሲመሽ ጋኑን ከቦዩ ደፋሁት።

በማግስቱ የሺ ቤት ሄድሁ። አራስ ናት አላልሁም፣ ጮህሁባት። "ምን በደልሁሽ? ምነው አዋረድሽኝ?" አልኋት።

እስከ ዛሬ ስሟ ሲነሳ ልርገማት ወይ ልመርቃት አላውቀውም። ያፈርሁት ማፈር ዛሬም ፊቴን ያቃጥለዋል። ያ ጸሎት ደግሞ አለ።

እሷ ያን ቀን አልተቆጣችም። ሕፃኑን ከጡቷ ሳታላቅቅ እንዲህ አለችኝ፦

"እትየ፣ ብነግርዎትስ ምን ያመጡ ነበር? በፍልሰታ ማን ቤት ጠላ አለና ይዋሳሉ? ማፈሩ እንደሁ አይቀርልዎትም። ለሳቸው ሲጸልዩ እንኳ ሐሳብዎ ጋኑ ላይ እንዳይሆን ብየ ነው።"