ሐሙስን የተውኩበት ጥምቀት

መጠጥ ለመተው ከሰው መሃል መቀመጥ እንዳለብኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ብቻዬንማ ስንቴ ተውኩት! ጠዋት ምዬ ትቼ ከሰዓት እጠጣለሁ። ሐይቅ ከተማ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ክር መርፌ ውስጥ አልገባ ይለኝ ነበር። ጊዜው ደርግ ነው። ሰባት ዓመት የሞላት አንዲት ልጅ ነበረችኝ። አንድ ቀን ሚስቴ ድምጿን ከፍ እንኳ ሳታደርግ፣ «ከእንግዲህ አንዴ ጠጥተህ ባይህ ልጄን ይዤ አምባሰል አባቴ ቤት እገባለሁ» አለችኝ። ብትጮህብኝ ኖሮ አልደነግጥም ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ቀበሌ ነው። ወይ የኔ ነገር! እሑድ እሑድ ስብሰባ አለ፤ ሂስና ግለሂስ እየተባለ ሰው ይነሳና ጥፋቱን ይናገራል። እኔ ሞኙ የምር መስሎኝ ብድግ አልኩና «ሰካራም ሆኛለሁ፣ እርዱኝ» አልኩ። ሰብሳቢው የሥራ ባህል የሚያበላሽ ብሎ መዘገበኝና ሦስት እሑድ ቦይ አስጠረገኝ። በሦስተኛው እሑድ፣ ሥራው ሲያልቅ፣ አብረውኝ የዋሉት ደክሞናል ብለው ወደ አረቄ ቤት ጎተቱኝ። በሩ ላይ ስደርስ ሰብሳቢው ቀድሞን ተቀምጧል። እንዴት ተመልሼ እንደወጣሁ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ቀጥሎ የነፍስ አባቴን አማከርኩ። «ማኅበር ግባ ልጄ፣ ከደጋግ ሰዎች ጋር ዋል» አሉኝ። ገባሁ። ማኅበር ደግሞ ምንድነው? በየወሩ በተራ በአንዱ ቤት ተሰብስቦ ጸልዮ ጠላ መጠጣት ነው! ጽዋው ሲዞር አልቀምስም ማለት ታቦቱን መናቅ ነው። መጠጥ ለመተው ብዬ ጠላ የሚዞርበት ቤት ሄጄ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ወር ከንፈሬን አስነክቼ አሳለፍኩ። በሁለተኛው ወር ዓይኔ ከጋኑ ላይ አልነሳ ሲለኝ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።

ከእኔ ጋር በአንድ በረንዳ የሚሰፋ እስላም ባልንጀራ ነበረኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ እጄን ሲያይ ክሬን አስገብቶ ይሰጠኛል። አንድ ቀን፣ «ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት እኛ ቤት ዱዓ አለ። ና ተቀመጥ። ስገድ የሚልህ የለም፣ አብሽር» አለኝ።

ሄድኩ። ገበሬ ነው፣ ነጋዴ ነው፣ አሥር የሚሆን ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ሻይ አለ፣ ጫት አለ፤ የመጠጥ ሽታ እንኳ የለም። ሰው በተራው ያስጨነቀውን ይናገራል፤ የአንዱ በሬ ታሟል፣ የአንዱ ልጅ ዘምቷል። ሽማግሌው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ቤቱ በሙሉ «አሚን» ይላል። በሦስተኛው ሐሙስ የኔን ተናገርኩ። ማንም አልመዘገበኝም፣ ማንም አልሳቀም። «አሚን» አሉልኝ። ወጥቼ ሐይቁ ዳር ቆሜ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

አራት ወር አልቀመስኩም። ሚስቴ መዝፈን ጀምራ ነበር፤ ድምጿ የአምባሰልን ዜማ ሲያወርድ ደስ ይላል። ልጄ ማታ ማታ ጭኔ ላይ ትተኛለች። እጄም ረጋ።

ወሬው ግን ተነሳ። «ልብስ ሰፊው ሰልሟል» ተባለ። ገበያ ውስጥ አንዱ የማኅበር ሰው፣ «አዲሱን ስምህን ማን አሉህ?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ሳቁ አንገበገበኝ! አንድ ሐሙስ ቀረሁ፤ ሁለተኛውንም ቀረሁ። ባልንጀራዬ ሐሙስ ሲደርስ ቀና ብሎ ያየኛል።

በጥምቀት ታቦት ሐይቁ ዳር ወርዶ፣ ሕዝቡ ሁሉ ባለበት፣ ያው ሰውዬ ጣሳ ሙሉ ጠላ ዘረጋልኝ። «ክርስቲያን ከሆንክ ጠጣ!» አለኝ። ጠጣሁት። ሁለተኛውን ራሴ ነኝ የጠየቅኩት። ቀና ስል ሚስቴ ከሴቶቹ መሃል ቆማ ታየኛለች። በማግስቱ ሚስቴና ልጄ አምባሰል ሊወርዱ የወልዲያ አውቶቡስ ላይ ወጡ። ልጄ በመስኮት እጇን ታውለበልብልኛለች፣ ዘመድ ጥየቃ የምትሄድ መስሏታል።

ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ጠጣሁ። በመጨረሻ ሆዴ አሞኝ፣ ባልንጀራዬ ክንዴን ይዞ ወደ ሐሙሱ መለሰኝ። ልጄ አምባሰል ስትዳር ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልቀምስ ቆይቼ ነበር። ተጠራሁ፤ ባልንጀራዬን ይዤ ሄድኩ።

በእኛ አገር ሠርግ ሁለት ዳስ ይጣላል። በክርስቲያኑ ዳስ ጠላና ጠጅ ይቀዳል፤ በእስላሙ ዳስ ለብቻው የታረደ ሥጋና የማያሰክር ብርዝ ይቀርባል። ወደ ክርስቲያኑ ዳስ ስራመድ ልጄ እንደተሞሸረች ወጥታ እጄን ያዘችኝ። ድሮ አንተ ነበር የምትለኝ። «አባባ፣ እርስዎ እዚህኛው ይሻልዎታል» ብላ ከእስላሞቹ ዳስ አስገባችኝ። ሰው ሁሉ አየ። ትቻለሁ ልላት ነበር፤ ስንቴ ብያት ታምነኛለች? ባልንጀራዬ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

ምርቃቱ ሲደርስ በአባት ቦታ የተጠራው አጎቷ ነው። ድምፁ እኛ ዳስ ድረስ ይሰማል፤ ውለጂ፣ ክበጂ ይላታል። እኔ ብርዜን ይዤ አንገቴን ደፍቻለሁ።

«አሚን በል እንጂ» አለኝ ባልንጀራዬ።

አሚን አልኩ።