ዋርካውን የሚያጎርሰው ወፍ

ከሚሊኒየሙ በፊት በነበረው ክረምት አገሬ ጎጃም አልገባሁም። እስከዚያ ዓመት ድረስ ትምህርት በተዘጋ ማግስት ሻንጣዬን ይዤ ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ግማሽ ቀን በእግር እሄድ ነበር። በዚያ ዓመት ግን እናቴ በዐቢይ ጾም አረፈች። ቤቱ ለወንድሜ ሆነ። «ነይ፣ ቤትሽ ነው» ብሎ በስልክ ለምኖኛል፤ እናቴ የሌለችበትን ደጅ ለማየት አቅም ያጣሁት እኔ ነኝ። «ዘንድሮ ሥራ አለብኝ» ብዬ ዋሸሁት።

ሥራ አልነበረኝም። የሒሳብ አስተማሪ በክረምት ምን ሥራ አላት? ጓደኞቼ ግማሾቹ ወደየቤተሰባቸው፣ ግማሾቹ ትምህርታቸውን ለማሻሻል ወደ ክረምት ኮርስ ሄዱ። እኔ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር በተከራየኋት አንድ ክፍል ቀረሁ። አከራዬ ግቢው ውስጥ ተጨማሪ ክፍሎች ያሠሩ ስለነበር ከማለዳ ጀምሮ ቆርቆሮ ሲቆረጥና ሚስማር ሲመታ ይውላል። በሦስተኛው ቀን ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ሲደርስ መጽሐፌን ይዤ ወጣሁ።

መጽሐፍ ያልኩት ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ያገኘሁትን ነው። ሰኔ ላይ መደርደሪያ ስናጸዳ ከአንድ ካርቶን ሥር ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ወፎች የሚናገር ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወጣ። የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ «ውሰጂው ባክሽ፣ እዚህ ሥዕሉን እየቀደዱ ሊጨርሱት ነው» አለችኝ። ስለ ወፍ የማውቀው ነገር ስላልነበረ ሳይሆን አይቀርም፣ ደስ ብሎኝ ወሰድኩት።

ከቤቴ አምስት ደቂቃ የማያስኬድ መናፈሻ ነበር። በዛገው በር ላይ «መናፈሻ» የሚል ጽሑፍ ባይኖር ማንም አይጠረጥርም። የአጥሩን ሽቦ ሰው ለዶሮ ቤት ወስዶታል። የሲሚንቶ አግዳሚዎቹ እግራቸው ተሰብሮ ወደ አንድ ጎን አዘንብለዋል። መሐል ላይ አንድ ጊዜ ውኃ ይረጭ የነበረ ክብ ገንዳ አለ፤ አሁን የጫት ገረባና የፕላስቲክ ከረጢት ሞልቶታል። ፍየል ይገባል፣ ይወጣል። ዛፎቹ ግን ማንም ሳይንከባከባቸው ገዝፈው፣ ሰማዩን ሸፍነውታል። ኒሙ፣ ጃካራንዳው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በስተጓሮ ያለው ሽማግሌ ዋርካ።

እኔ የማውቀው ክረምት በረዶና ጎርፍ፣ ጭቃና ብርድ ነው። የአርባ ምንጭ ክረምት ክረምት አይመስልም። ጠዋት ደመናው ከተራራው ወርዶ ሐይቁን ይሸፍነዋል፣ ትንሽ ያካፋል፣ ሙቀቱ ጋብ ይላል፣ አለቀ። ለተቀማጭ ሰው የሚመች አየር ነው። ደህና ከሆነው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ መጽሐፉን እገልጣለሁ፣ ቀና ብዬ አያለሁ፣ እንደገና እገልጣለሁ። የመጀመሪያው ቀን ያስተማረኝ ነገር ቢኖር በአማርኛ ስማቸውን የማውቃቸው ወፎች ከአሥር እንደማይበልጡ ነው። ቁራ፣ ጭልፊት፣ ርግብ፣ ዋኔ እያልኩ ቆጥሬ ቆጥሬ ቆምኩ። ቀሪው ሁሉ «ወፍ» ነበር።

በሳምንቱ ገደማ አንድ ግዙፍ ወፍ አየሁ። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ አፉ ላይ ሌላ አፍ የተደረበበት የሚመስል። ሲበር የክንፉ ድምፅ ሳር ሲታጨድ እንደሚሰማው ያለ ነው። መጀመሪያ እኛ አገር እርኩም የምንለው መስሎኝ ነበር፤ እርኩም ግን መሬት ለመሬት የሚሄድ ነው፣ ይኼኛው የዋርካው ግንድ ላይ ተለጥፎ ቆመ። አንገቱን ነቅነቅ አደረገና ከጉሮሮው አንዲት የሾላ ፍሬ አወጣ። ፍሬዋን በአፉ ጫፍ ይዞ ወደ ግንዱ ጠጋ አለና አጎረሰው። ዛፉን! ደግሞ ሌላ አወጣ፣ አጎረሰ። ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ፍሬ። ከዚያ ጮኸና ሄደ።

ባየሁት ነገር አፌን ከፍቼ እንደቆምኩ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ቲቸር፣ ምን ታያለህ?»

አንድ ሽማግሌ በማጭድ ሣር ያጭዳሉ። ባርኔጣ አድርገዋል፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመዋል። በኋላ እንደነገሩኝ ከጨንቻ ደጋ የወረዱ የጋሞ ሰው ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ችግኝ ጣቢያ ሠርተዋል፣ የመናፈሻውን ጃካራንዳና ኒም የተከሉት እሳቸው ናቸው። አሁን ለሚያደልቡት በሬ ሣር ሊያጭዱ ይመጣሉ። እኔን ሴቲቱን «ታያለህ» ማለታቸው አልገረመኝም። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፣ ወንድና ሴቱን ይቀላቅሉታል። እኔ በአራት ዓመት የእሳቸውን ቋንቋ ከሰላምታ አላሳለፍኩም፣ ስለዚህ ለማረም አፍ የለኝም።

«ጋሼ፣ ያ ወፍ ዛፉን ሲያጎርሰው አየሁ» አልኳቸው።

ቀና ሳይሉ፣ ሣሩን ሸርር እያደረጉ መለሱልኝ። «ምስጡ ውስጥ ነው።»

«ምስጡ?»

«አዎ። እዚያ ውስጥ ነው። ጭቃውን አይተሃል?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ ከፍ ብሎ ግንዱ ላይ የደረቀ ጭቃ የተለሰነበት ቦታ አለ፣ መሐሉ ላይ እንደ ጣት የቀጠነ ስንጥቅ። ምስጥ ቤቱን በጭቃ እንደሚሠራ አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሩ ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ደብተሬ ላይ «ይህ ወፍ ምስጥ ይቀልባል» ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ።

ክረምቱን ሙሉ ስመላለስ ወፉ በቀን ብዙ ጊዜ ይመጣል፣ ምስጦቹን አጉርሶ ይሄዳል። ለምን? ምን ሊያተርፍ? አንዱን ስመልስ ሌላው ይመጣብኛል። ምናልባት አደልቦ ሊበላቸው ይሆን? መስከረም ላይ የባዮሎጂ መምህሩን ስጠይቀው ሳቀብኝ። «ምስጥ ሾላ አይበላም። ደግሞ ወፍ ምስጥን ይበላል እንጂ አይቀልብም።»

«በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርህ» አልኩት ተናድጄ።

«እንግዲያው ያልታየሽ ነገር አለ» አለኝ።

መልሱን ያገኘሁት በግማሽ ዓመት እረፍት ነው። የመጽሐፉን ገጾች መዝገበ ቃላት ይዤ በተራ ሳነብ ከአንድ ሥዕል ላይ ደረስኩ፤ ራሱ ወፉ ነበር። ሥሩ ያለውን ጽሑፍ ቃል በቃል እየፈለግሁ ተረጎምኩት። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። ወንዱ ጭቃ ያመጣላታል፣ በሩን ትደፍነዋለች። የምትተወው የአፏን ጫፍ የሚያሾልክ ስንጥቅ ብቻ ነው። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ጫጩቱ እስኪያድግ ሦስት ወር፣ ከዚያም በላይ እዚያው ትቀመጣለች። ወንዱ በስንጥቁ ይመግባታል።

መዝገበ ቃላቱን አስቀመጥኩ። «ምስጡ ውስጥ ነው» አላሉኝም ለካ። «ሚስቱ ውስጥ ነው» ነው ያሉኝ። «ናት» ቢሉኝ ኖሮ በትክክል እሰማ ነበር፤ «ነው» ስላሉ ጆሮዬ ሚስትን ምስጥ አደረጋት። አልጋዬ ላይ ብቻዬን ተንከትክቼ ሳቅሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። ወዲያው ወደ መናፈሻው ሄድኩ። ወቅቱ አልነበረምና ጭቃው ረግፏል፣ ቀዳዳው ባዶ ነው፣ ሣሩም ስለደረቀ ሽማግሌው የሉም።

የሚቀጥለው ክረምት እስኪመጣ የቸኮልኩትን ያህል ለምንም ነገር ቸኩዬ አላውቅም። ለወንድሜ በስልክ ስነግረው «አንቺ ልጅ፣ በወፍ ምክንያት ነው የማትመጪው?» ብሎ ሳቀ። ሐምሌ መግቢያ ላይ ሽማግሌውን ከነማጭዳቸው አገኘኋቸውና ጉዱን አጫወትኳቸው።

«ምስጥ?» አሉ። «እኔ ምስጥ አላልኩም። ሚስት! የሰው ሚስት እንዳለው፣ የወፍ ሚስት።» ሳቃቸው አላስቆም ብሏቸው ማጭዱን ጥለው ተቀመጡ። «ክረምቱን ሙሉ ምስጥ ብለህ ጻፍክ?»

«ጻፍኩ።»

«በል እስቲ፣ ያ መጽሐፍ ምን ይላል? አንብብልኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረን አነበብን። እኔ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ እሳቸው ሣር እያጨዱ ያዳምጣሉ፣ የወፉን ስም በጋሞኛ ይነግሩኛል። ሦስት ጊዜ አስደግሜያቸው አራተኛው ላይ ራሴ ስለው አሁንም ይስቁብኛል። አንዳንዴ መጽሐፉን ያርሙታል። ወፉ የሚኖረው በፍራፍሬ ነው የሚለውን ሳነብላቸው «ውሸት ነው፣ እንሽላሊትም ይበላል» አሉ። «እዚህ ላይ እንዲህ ነው የተጻፈው» ብዬ ተከራከርኳቸው። በአራተኛው ቀን እያካፋ ሳለ ወንዱ እንሽላሊት አንጠልጥሎ መጥቶ በስንጥቁ ሲያቀብል አየሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። በእርሳስ ገጹ ጠርዝ ላይ ጻፍኩት።

«ለምን ነው ግን ራሱን የሚያስረው?» ብለው ጠየቁኝ ስለ ሴቷ። መጽሐፉ ጠላትን ፈርታ ይመስላል ከማለት በቀር አያብራራም። ይህንንም ያየነው ብዙ ሳይቆይ ነው። አንድ ቀን የጦጣ መንጋ ከበላይ ካለው ጫካ ወርዶ መናፈሻውን ወረረው። አንዱ ትልቅ ጦጣ ዋርካው ላይ ወጣ፣ ስንጥቁን አየ፣ ሸተተና ጣቱን ከተተ። ወዲያው እንደ ሰው ጮኾ ወደ ኋላ ተፈናጠረ። ጣቱን አፉ ውስጥ ወሽቆ፣ ግድግዳውን እያየ ጥቂት ቆየና ቀስ ብሎ ወረደ። ሽማግሌው አጨበጨቡ። «እንዲህ ነው! እንዲህ ነው!»

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ግን ስደርስ መናፈሻው ውስጥ ሰዎች አገኘሁ። አራት ሠራተኞች መጋዝና ገመድ ይዘው ዋርካውን ከበውታል። ቅርንጫፉ የመብራት መስመር ላይ ተኝቷልና ዛፉን ከሥሩ ሊቆርጡት ነው። ሽማግሌው ግንዱን ተደግፈው ቆመዋል፣ ፊታቸው ቀልቷል።

«አባባ፣ ዞር ይበሉ። ታዘን ነው» ይላል ኃላፊያቸው፣ ትሁት ሰው ነበር።

«ሰው ያለበት ቤት ይፈርሳል?»

«የምን ሰው?»

ጣልቃ ገባሁ። «ወንድሜ፣ ወፍ ናት። ከነጫጩቷ ውስጥ ታሽጋለች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትወጣለች።»

«ታሽጋ?» አለና ሳቀ። ግን ጉዳዩ አጓጓው መሰለኝ፣ መሰላሉን አስጠግቶ ወጣ። ዓይኑን ወደ ስንጥቁ ሲያስጠጋ «ጣትህን እንዳታስገባ!» ብዬ ጮህኩ። ለደቂቃ ያህል ተመለከተ። ከውስጥ ቂው ቂው የሚል ቀጭን ድምፅ ሁላችንም ሰማን። ሲወርድ ድምፁ ራሱ ተለውጧል።

«ዓይኑን አየሁት» አለ ለጓደኞቹ። «ሁለት ናቸው። ያዩኛል እኮ!» ሌሎቹም በተራ ወጥተው አዩ። ከዚያ ቆሞ ሽቦውን ሲያይ፣ ቅርንጫፉን ሲያይ ቆየና «መስመሩን የነካው ይኼ አንዱ ክንድ ነው። እሱን ብቻ አውርዱት» አለ። ቅርንጫፉን በገመድ አስረው፣ ግንዱ እንዳይነቃነቅ ቀስ ብለው ቆረጡት። ወንዱ ወፍ ጃካራንዳው ላይ ሆኖ ሲጮህ ቆየ። ሠራተኞቹ በሄዱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መጥቶ አጎረሰ። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ፤ እያለቀሱ እንደነበር ያወቅሁት ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ስትወጣ ግን አላየሁም። ተማሪዎች የምንመዘግብበት ሳምንት ደረሰና ሁለት ቀን ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ከወላጆች ሰልፍ ጀርባ ባርኔጣቸውን እያውለበለቡ «ቲቸር! ወጣ! ሁለቱም ወጣ!» ሲሉ ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ። የመዝገብ ሥራውን ለጓደኛዬ ትቼ ሮጥኩ። ጭቃው እንደ ሸክላ ተሰባብሮ ግንዱ ሥር ወድቋል። እናትየው ኒሙ ላይ ነበረች፣ ክንፏን ዘርግታ ታጥፋለች፣ እንደገና ትዘረጋለች። ጫጩቱ የተሰበረው አግዳሚ ላይ ወርዶ መነሣት አቅቶታል። ፍየሎቹን እያባረርን፣ መጽሐፉን አንዴም ሳንገልጥ፣ ወደ ጃካራንዳው በርሮ እስኪደርስ ድረስ እስከ ቀትር ቆየን።

ከዚያ በኋላ ስድስት ክረምት ተመላለስኩ። ወፎቹ አንዳንዱን ዓመት መጡ፣ አንዳንዱን ቀሩ። ሽማግሌው ጉልበታቸው ሲደክም ልጃቸው ጋ ጨንቻ ወጡ። በመስቀል ሰሞን ልጠይቃቸው ስሄድ በደጁ ብርድ ጋቢ ደርበው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላምታው ሳያልቅ «አገኘህ?» አሉኝ። ወደ ጨንቻ ከመውጣታቸው በፊት የጠየቁኝን አንድ ጥያቄ ማለታቸው ነው። ሴቷ ጨለማ ውስጥ ሆና መውጫዋ መድረሱን በምን ታውቃለች?

«መጽሐፉ ውስጥ የለም። ሌሎችም ፈለግሁ፣ አላገኘሁም።»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እኔ አስቤበታለሁ። ጫጩቱ ሲያድግ ቤቱ ይጠባል። ክንፉ ግድግዳውን ሲነካ፣ ክንፏ ክንፉን ሲነካ፣ ያኔ ነው።»

ደብተሬን አውጥቼ መጻፍ ስጀምር እጄን ያዙኝ።

«ጻፍ» አሉኝ። «ግን ‹ይመስለኛል› በል።»