አራተኛው ሯጭ

እኔ መሮጥ አልወድም ነበር። ይህን ቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ጅማ ውስጥ ከምማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሩጫ ቡድን የገባሁት፣ ሯጮች ከቅዳሜው የልማት ዘመቻ ይቀራሉ ሲባል ሰምቼ ነው። ቦይ ከመቆፈር መሮጥ ይሻላል አልኩ። የስፖርት መምህራችንም ቢሆን ወዶ አልተቀበለኝም። አምስት ሯጭ ያስፈልገው ነበር፤ የሚረቡት ሦስት ብቻ ናቸው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እኔንና ከሩጫው ወሬው የሚበልጥ አንድ ልጅ ወስዶ ቁጥሩን ሞላ።

ከሦስቱ ደህና ሯጮች ሁለቱ ከከተማው በላይ ካለው ከጅሬን ኮረብታ በየቀኑ ወርደው የሚማሩ ልጆች ነበሩ። ሦስተኛው ግን የሄርማታ ሰፈር ልጅ፣ የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። እሱ ሲሮጥ አፉን እንኳ አይከፍትም። አብረነው ስንነሣ እኛ የምንሮጥ፣ እሱ ዝም ብሎ የሚሄድ ይመስል ነበር፤ ግን ወዲያው ከዓይን ይጠፋል።

የቡድን ውጤት የሚሰላው እንዲህ ነው፤ ከአምስቱ ሯጮች የመጀመሪያዎቹ የአራቱ ደረጃ ይደመራል፣ ድምሩ ያነሰው ቡድን ያሸንፋል። ጓደኛዬ አንደኛ ቢወጣ አንድ ነጥብ ነው። እኔ ሠላሳኛ ብወጣ ሠላሳ። አምስተኛው ልጅ ቢፈልግ ቡና ቤት ገብቶ ሻይ ይጠጣ፣ የሚቆጥረው የለም። የመጨረሻው የሚቆጠር ሰው እኔ ነበርኩ።

በፊት የምንወዳደረው ከእኩዮቻችን፣ ከአካባቢው ተማሪዎች ጋር ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ስፖርት የሰፊው ሕዝብ ነው ተባለና ተማሪው ከሠራተኛው ተቀላቀለ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ጢማቸውን ተላጭተው የሚመጡ ጎልማሶች፣ ከመንግሥት ቡና እርሻ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጆንያ ተሸክመው ዳገት የሚወጡ ጉልበተኞች አጠገባችን ተሰለፉ። የአንዳንዱ ባት የእኔን ጭን ያክላል።

እንግዲህ ሽንፈት ምን ነበረበት፣ ልጆች ነን፣ ተሸንፈን እንመለስ ነበር። ግን ጊዜው የደርግ ነው። ብሔራዊ ውትድርና ታውጇል፤ ቀበሌዎች በየዙሩ ኮታ እየተሰጣቸው ወጣት ያስረክባሉ። ጓደኛዬ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ዕድሜውም ደርሷል። ወደ ሰሜን የሄዱት የሰፈራችን ልጆች ወሬያቸው ከጠፋ ቆይቷል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወጥተን አባቱ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር የካኪ ሱሪ ሊያስጠብብ መጣ። አባትየው እግሩ ሥር ተንበርክኮ እየለካ፣ ቀና ሳይል ለመነው።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ ልጄ አስራ ሁለተኛን ይጨርስልኝ። ወላሂ ሌላ ነገር አልለምንዎትም።”

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። “ልጅዎ ሯጭ ነው ይላሉ። ክፍለ ሀገሩን ወክሎ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ ማን ይነካዋል? እኔ ራሴ እቆምለታለሁ። ካላለፈ ግን አባባ፣ በሚመጣው ዙር ይሄዳል።”

አዲስ አበባ የሚሄደው ደግሞ አሸናፊው ቡድን ነው እንጂ አንድ ሰው ብቻውን አይደለም። ይህን በረንዳው ላይ ያለነው ሁሉ እናውቃለን። ሊቀመንበሩ እንደ ወጣ የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ አየኝ። ይህ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ ከአባቱ ጋር ይሰፋል። ቁመቱ ከታላቁ ይበልጣል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረጃ ሲወጣ እንኳ ደረቱ ያፏጫል። ቀልድ አያልቅበትም፣ እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

“አንተ ኤሊ፣ ሰማህ? የወንድሜ ነፍስ እግርህ ላይ ናት።”

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን እግሬን ወደ ውስጥ ሰበሰብኩ።

የመጀመሪያውን ውድድር ሰርቦ ላይ ሮጥን። ጓደኛዬ አንደኛ ወጣ፤ እኔ ስደርስ የመጨረሻውን ገመድ ጠቅልለውት ነበር። ሁለተኛው ሰቃ ላይ ነው። እሱ አሁንም አንደኛ፣ የጅሬን ልጆችም ተሻሽለዋል፤ በእኔ ምክንያት ግን ቡድኑ ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆነ። ስንመለስ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ በጫነ መኪና ላይ ነበርን። ጓደኛዬ በሁለት ጆንያ መካከል ገብቶ ፊቱን በሹራቡ ሸፍኗል። መንገጫገጩ ነው ብዬ ነበር፣ ለካስ ትከሻው የሚንቀጠቀጠው እያለቀሰ ነው። አንደኛ ወጥቶ የሚያለቅስ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

“ይቅርታ፣” አልኩት።

“አንተ ምን ታደርግ፣” አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ምን ታደርግ ማለት እኮ ከአንተ ምንም አይገኝም ማለት ነው።

ሁለቱ ውድድሮች ለመለማመጃ ያህል ነበሩ፤ አላፊው የሚለየው በሦስተኛው፣ አጋሮ ላይ ነው። ከሰቃ ማግስት ጀምሮ ጓደኛዬ በየማለዳው ከሄርማታ እየመጣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለው ቤታችን አጥር ሥር ያፏጭልኛል። ተያይዘን ወደ ጅሬን ዳገት እንወጣለን። እሱ ከፊት አይቀድምም። ከኋላዬ ሆኖ ይነዳኛል፣ ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ነው። አናቱ ላይ ስደርስ ያስመልሰኛል፤ በእጅጌው አፌን ይጠርግልኝና “እንደገና” ይለኛል። በዚያ ሰሞን ጠላሁት። እውነቴን ነው፣ ፉጨቱን ስሰማ ብርድ ልብሱን አናቴ ላይ እስብ ነበር። የሌላ ሰው ዕድሜ ተሸክሞ መሮጥ ምን እንደሚመስል እሱ አያውቅም፤ እሱ የተሸከመው የራሱን ብቻ ነው።

እናቴ ግን ወጥቼ ካልሄድኩ አትለቀኝም። እኛ ከደቡብ የመጣን ጴንጤዎች ነን። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ እሷ መስኮት ዘግታ በሹክሹክታ ነው የምትጸልየው። የእሱ እናት ደግሞ በየሶላቱ ዱዓ ታደርጋለች፣ ለእኔም በሶ ትልክልኛለች። ሁለት ቤት፣ አንዱ በኢየሱስ ሌላው በአላህ፣ ስለ እኔ እግር ሲለምን ከረመ። እናቴ ለገበያ ያስቀመጠችውን እንቁላል ሳይቀር አበላችኝ።

አጋሮ የደረስነው ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ነው። ከተማው በሰው ተጨናንቋል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ጭቃው ላይ ከመፈልፈያ የወጣ የእሸት ቡና ገለባ ተደፍቶበት እግር ያንሸራትታል፣ የኮመጠጠ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከገበያው ተነሥተን ወደ ወንዙ ወርደን፣ በዳገቱ ተመልሰን ገበያው ላይ እንገባለን፤ ይህን ሁለት ዙር። የጓደኛዬ ወንድም በቡና መኪና ተሳፍሮ ሊያየን መጥቶ ነበር። አባቱ አንተ ብትሄድ ምን ትጠቅማለህ ቢለው፣ ኤሊ የሚነዳ ሰው ያስፈልጋል አለ አሉ።

ፊሽካው ተነፋ። ጓደኛዬን ወዲያው ከዓይኔ አጣሁት። በመጀመሪያው ዙር እንደ ልማዴ ከኋላ ነበርኩ። ወንዙ ጋ ስንደርስ ግን ጉልበተኞቹ ጭቃው ላይ መውደቅ ጀመሩ። እኔ ቀላል ነኝ፣ የጅሬን ዳገትም ቢሆን በክረምት ጭቃ ነው፣ ለምጄዋለሁ። አንድ አለፍኩ። ሌላ አለፍኩ። ማለፍ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበርና ደነገጥኩ። በሁለተኛው ዙር የመጨረሻው ዳገት ሥር ስደርስ ግን ጉልበቴ አለቀ። ደረቴ ተቃጠለ፣ ዓይኔ ጨለመ። ቆሜ ልራመድ ስል ታናሽየው ከሰው መሃል ዘሎ ወጣና አጠገቤ መሮጥ ጀመረ።

“ፊጊ! ፊጊ! ሩጥ! ቆጥሬአለሁ፣ ወላሂ ቆጥሬአለሁ! ሁለት ሰው ብቻ! ሁለቱን ካለፍክ በቃ፣ ወንድሜ ዳነ!”

በላስቲክ ጫማው፣ ረጅም እጁን እያወናጨፈ፣ ሦስት አራት ሱቅ ያህል አብሮኝ ሮጠ። ከዚያ ድምፁ ወደ ኋላ ቀረ። ሳሉን ሰማሁት፣ እንደሚታነቅ ሰው ነበር የሚስለው። ዞሬ አላየሁም። የፊተኛውን፣ የእርሻውን ሠራተኛ፣ ዳገቱ መሃል አለፍኩት። ሁለተኛው የማሠልጠኛው ሰው ነው። እሱን ገመዱ ሥር፣ በአንድ እርምጃ ቀደምኩትና ጭቃው ላይ ተደፋሁ።

በአንዲት ነጥብ አሸነፍን። ጓደኛዬ ከጭቃው አንስቶኝ ፊቴን ይስመኛል፣ ያለቅሳል፣ ይስቃል። ወንድሙ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ በአንድ እጁ ደረቱን ይዞ፣ በሌላው ሰው ተደግፎ መጣ። መናገር ስላልቻለ ጭንቅላቴን ሳመኝ። ወደ ጅማ ስንመለስ መኪናው ላይ ስንዘፍን ድምፃችን ተዘጋ። በሕይወቴ እንደዚያ የረባሁበት ቀን የለም።

አዲሱ ዙር የተጠራው ብዙም ሳይቆይ ነው። ከልምምድ ተመልሰን ወደ ሱቁ ስንደርስ የስፌት መኪናው ዝም ብሏል። አባትየው ግማሽ የተሰፋ እጅጌ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። እኛ ሳንደርስ ሊቀመንበሩ ከሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጋር መጥቶ ነበር። መጀመሪያ እንኳን ደስ አለዎት ብሎ ጨበጠው።

“ቃሌን ጠብቄአለሁ አባባ፣ ሯጩን አልነካሁም። ግን ከዚህ ቤት አንድ ሰው ኮታ ውስጥ ገብቷል። ጉድለቱን በምን ልሙላው?” አለና ወደ ስፌት መኪናው ዞረ።

“ይሄኛውማ ዕድሜው አልደረሰም፣” አለ አባትየው።

“ቁመቱ ደርሷል፣” ብሎ ታናሽየውን አስይዞ ሄደ።

ጓደኛዬ እንዲህ ሆነ የሚለውን እስኪጨርሱለት አልቆየም። ወደ ቀበሌው በረረ፣ እኔም ተከተልኩ። ምልምሎቹን የጫኑት መኪኖች ሄደዋል። እናቱ ግቢው በር ላይ መሬት ተቀምጣ “ማል ጎና፣ ያ ረቢ፣ ማል ጎና” ትላለች፤ ምን እናድርግ፣ ጌታዬ፣ ምን እናድርግ። እሱ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ፊት ተንበረከከ። እኔን ውሰዱኝ፣ ዛሬውኑ ልሂድ፣ እሱን መልሱልኝ አለ። ሊቀመንበሩ ተቆጣ።

“የክፍለ ሀገሩን ሯጭ ወታደር አድርጌ ሰደድኩ ልበል? እኔን ልታስበላኝ ነው? ሂድ ተለማመድ!”

አዲስ አበባ ሄደንም ሮጥን፤ ስለዚያ የምናገረው የለኝም። ወንድሙ አልተመለሰም። የት እንደ ወደቀ የነገረን ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ያን ቀን ከቀበሌው ወጥተን አዌቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ ጓደኛዬ ቆመ። ውሃውን እያየ፣ “ምን አለ ያኔ ከሁለቱ አንዱን ብቻ አልፈህ ብትቀር?” አለኝ።

ደሜ ፈላ። ሳንባዬን የተፋሁት ለማን ሆነና ነው? “ታዲያ አንተ ትሄድ ነበራ!” ብዬ ጮህኩበት።

“እኔማ ብሄድ መሮጥ እችላለሁ፣” አለ። “አንድ ቀን፣ የሆነ ቦታ፣ እግሬ አውጪኝ ብዬ አመልጥ ነበር። እሱ እኮ መሮጥ አይችልም። አጋሮ ላይ አላየኸውም?”

“ሳሉን ሰምቻለሁ፣” አልኩት።