ትል ተራ

መርካቶ ለሁሉም ነገር ተራ አለው፤ ሸክላ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። «ትል ተራ» የሚለውን ግን በእኔ ምክንያት ያወጡት ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ሊያሾፉብኝ።

መሳለሚያ አጠገብ፣ ከቤታችን ጀርባ፣ ለሕንፃ ተብለው ተቆፍረው የቀሩ ሁለት ጉድጓዶች አሉ። ክረምት ሲገባ የዝናብ ውሃ ያቁራሉ። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ከሥራ ስመለስ የሻይ ማጥለያና ነጭ ሳፋ ይዤ ውሃው ውስጥ ያሉትን ነፍሳት ላጠና እወርዳለሁ። ሰፈሩ ውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ «ትል» ይለዋል። ትል ደግሞ ይገደላል፣ በቃ።

አምና ከጎናችን ጋራዥ ያላቸው ጋሼ አንደኛው ጉድጓድ ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደፉበት። ትንኙ ጥቂት ቀን ጠፋ፤ ሰፈሩ መረቃቸው። ከዚያ ብሶበት ተመለሰ። ዘንድሮ ደግሞ በሁለተኛው ሊደግሙት ጀሪካን አንጠልጥለው መጡ።

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሄጄ ቆምኩ።

«ዞር በይ ልጄ፣ ለሰው ጤና ነው።»

«አልዞርም ጋሼ። መጀመሪያ ይዩልኝ።»

ከሁለቱም ጉድጓድ በሁለት ሳፋ ቀዳሁ። ዘይት በገባበት ውስጥ የትንኝ እጭና ቀይ ትል ብቻ ይርመሰመሳል። በንጹሁ ውስጥ ግን በጀርባው የሚዋኝ አለ፣ ጥቁር ጥንዚዛ አለ፣ ሳይሰጥም ውሃው ላይ የሚራመድ አለ፤ ከታች ደግሞ ጭቃ መስሎ ያደፈጠ የውሃ ተርብ ልጅ። ከመጀመሪያው ሳፋ እጮቹን በማጥለያ አውጥቼ እዚያ ጨመርኳቸው። የተርቡ ልጅ አፉን ወርውሮ አንዱን ለቀም አደረገ። ደገመ።

ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ትል ትንኝ ይበላል?»

«ትል አይደለም። አምና የገደሉት ይሄንን ነው። ትንኝ ቶሎ ይመለሳል፤ ይሄኛው ግን ለማደግ ወራት ይፈልጋል፣ ዘይት ባለበትም አይኖርም።»

«ትል ተራ ተከፈተ!» አለች ሊያዩ ከተሰበሰቡት ጎረቤቶች አንዷ፣ ሁሉም ሳቁ። ፊቴ ጋለ፣ አልክድም። ግን ንቅንቅ አላልኩም። ጋሼ ጀሪካናቸውን እንደሞላ አንስተው ሄዱ።

ሕንፃው አንድ ቀን ይሠራ ይሆናል። እስከዚያ ጉድጓዱን የሚነካ እኔን አልፎ ነው። ስሙ ግን ተለጥፎብኝ ቀረ። ጥቂት ቀን አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ፣ ከዚያ ሰለቸኝ። ትናንት ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ሰፈራችን ስንደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ትል ተራ ወራጅ አለ!» አልኩ።

ረዳቱ ግራ ገብቶት ዞሮ አየኝ።

«አቁም እንጂ!» አሉት ጋሼ ከኋላ ወንበር። «እኔም እዚያው ነኝ።»