የተቆራረጠው መስመር

የያዙኝ ኮምቦልቻ ኬላ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ለዕረፍት ወደ ደሴ ስመለስ፣ ፈታሹ ከሻንጣዬ ጥቅል ወረቀት አውጥቶ ዘረጋው።

የሕንፃ ትምህርት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ወረቀቱም የጥንት ሮማውያን የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ፕላን ነው። መምህራችን የፍርስራሹን ፎቶግራፍና ልኬት ሰጥተውን፣ ሕንፃው ሳይፈርስ ምን ይመስል እንደነበር እንድንነድፍ አዘውን ነበር። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ዛሬም ቆሞ የሚታየው ግድግዳ በድፍን መስመር ይሰመራል፤ የፈረሰውና በግምት የምንመልሰው በተቆራረጠ መስመር። ጥሩ ውጤት ስላገኘሁበት ለእናቴ ላሳያት ነበር ያመጣሁት።

ደሴ የታሰርንበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ሳይሆን አይቀርም፤ ግድግዳው ጤፍ ጤፍ ይሸታል። የሲሚንቶው ብርድ ምንጣፉን አልፎ አጥንት ይነካል። ከጎኔ ከቦሩ ሜዳ የመጡ አዛውንት ገበሬና አንድ የሰኞ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ።

«በምን ገባህ?» አለኝ ነጋዴው።

«በመታጠቢያ ቤት።»

«እኛ ገላችን ውሃ ካየ ስንት ጊዜው፣ አንተ በመታጠቢያ ቤት ትታሰራለህ!»

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ፊት ቀረብኩ። ፕላኔ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ጣቱን ከወለሉ በታች በነደፍኩት ባዶ ቦታ ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ምን ይደበቃል?»

«ምንም፣ ጓድ። እሳት ይነድና ሙቀቱ ከወለሉ ስር ያልፋል። ክፍሉን ለማሞቅ ነው።»

«ከመሬት በታች እሳት! እነዚህ የተቆራረጡትስ? ገና የሚቆፈሩ መተላለፊያዎች ናቸው?»

«አይደሉም፣ ጓድ። ግምት ናቸው።»

ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ፣ «የኮምቦልቻ ጦር መጋዘን ፕላን ነው ብለህ ፈርም። ያስነደፈኝ መምህሬ ነው በል። ዛሬውኑ እናትህ ቤት ታድራለህ» አለኝ።

የእናቴ ቤት ከዚያ በእግር የሚደረስ ነበር። እኔ ደግሞ የታዘዝኩትን አሟልቼ መመስገን የምወድ ልጅ ነበርኩ። ብዕሩን አነሳሁ። ወረቀቱ ላይ ሳጎነብስ አንዲት የተፋቀች መስመር ዓይኔ ገባች። በመጀመሪያ ድፍን አድርጌያት መምህሬ «ይህን ግድግዳ ቆሞ አይተኸዋል?» ብለው ያስፋቁኝ መስመር ናት።

«ጓድ፣ መጋዘኑን አላየሁትም» አልኩ። «ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ አላሰምርም።»

ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩ። ጥፊው በየት በኩል እንደመጣ አላስታውስም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ አዛውንቱ ቦታ ለቀቁልኝ።

«ምን አልካቸው፣ ልጄ?»

ነገርኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ! ያላዩትን አለመመስከር ቀላል ነገር አይደለም፣ ወላሂ። እስቲ ያን ቤት ለእኛም አሳየን።»

ነጋዴው ከኪሱ ጥግ ልብስ ሰፊዎች የሚያሰምሩበት ጠመኔ ስባሪ አወጣ። ምንጣፎቹን ጠቅልለን ወለሉ ላይ ነደፍኩት፤ ቀዝቃዛው ክፍል፣ ለብ ያለው፣ ትኩሱ። ነጋዴው ሄዶ ትኩሱ ክፍል ላይ ተዘረረ።

«እሳቱን ጨምሩ!»

«ለሶላት ዉዱእ የሚሆን ውሃስ አለው?» አሉ አዛውንቱ።

«እዚህ ጋ ገንዳ አለልዎት፣ አባባ።»

«ኧረ ይሄን የተቆራረጠ ግድግዳ ድፈነው፣ ብርድ ያስገባብናል!» አለ ነጋዴው ተኝቶ።

«አልደፍነውም። ቆሞ አላየሁትም።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ጆሮዬ ገና ይጮሃል፤ ቢሆንም እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

የተፈታሁት ከዓመታት በኋላ ነው። መምህሬን ማንም አልነካቸውም። እኔም ዛሬ በዕድሜ ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር፣ እንደገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በቀደም አዲሱ መምህራችን ሥራዬን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት።

«ግምትህን ከእውነቱ ለይተህ ታሰምራለህ። የት ተማርከው?»

«ደሴ» አልኳቸው።