አሜን እስኪባል ያልጠበቀው ሲሚንቶ

አክስቴ ዕድሜዋን የፈጀችው የሆቴል አንሶላ በማጠብና በመተኮስ ነው። ስትጸልይ ግን ታስረዝማለች። በቤተ ክርስቲያናችን «ረጅሟ» ሲባል ስለ ቁመቷ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ቁመቷማ ከብብቴ አያልፍም።

ወደ ውጭ አገር ለሚስዮን አገልግሎት የሚሄድ ቡድን ሲመረጥ፣ ገና ማንም ሳይጠይቃት ሻንጣዋን አዘጋጀች። የቡድኑ መሪ በባንክ የሚሠራ ወጣት ነው። ጉልበቷን እንደሚያማት ስለሚያውቅ አመነታ።

«እማማ፣ ሥራው እኮ ግንባታ ነው። እርስዎ ምን ሊሠሩ?»

«አንተ ልጅ፣ ስትገነቡ አትበሉም? ልብሳችሁስ አይቆሽሽም?»

ስሟን መዘገበ። አብራን ሄደች።

ያረፍንበት ቤት ተደራራቢ አልጋ የሞላባቸው ሁለት ክፍሎች ነበሩት፤ አንዱ የወንዶች፣ አንዱ የሴቶች። ጠዋት የምንነቃው አክስቴ ግቢ ውስጥ ያጠበችውን ልብስ ስታራግፍ በሚሰማው «ጧ! ጧ!» ነው። ከዚያ ሻይና ዳቦ፣ ትንሽ ንባብ፣ ትንሽ መዝሙር፣ ከዚያም በእግራችን ወደ ሥራ። የምንሠራው ከአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለ የሕፃናት መማሪያ ክፍል ነበር። ግድግዳውና ጣሪያው አልቋል፤ ወለሉ ግን ገና አፈር ነው። ልጆቹ የሚማሩት ኮሪደር ላይ ተደርድረው ነበር። ሰው ባለፈ ቁጥር ሃያ ጥንድ እግር ይሰበሰባል።

አክስቴ ይህን ባየችበት ቀን አስተርጓሚያችንን ጠራቻት። አስተርጓሚዋ እዚያ አገር ብዙ ዓመት የኖረች የኛው አገር ልጅ ናት።

«ለመምህርቷ ንገሪልኝ። እነዚህ ልጆች አዲሱ ወለል ላይ ሲሮጡ ሳላይ ወደ አገሬ አልመለስም በያት።»

«እማማ፣ የመመለሻ ቲኬቱ እኮ ተቆርጧል!»

«አንቺ ብቻ ንገሪልኝ!»

መምህርቷ ስትሰማ እቅፍ አደረገቻት። ከዚያች ቀን ጀምሮ አክስቴን የወለሉ ነገር እንቅልፍ ነሳት። በየቀኑ «ወለሉ መቼ ነው?» ትላለች። ከወጥ ቤት ማንኪያ እንደያዘች ብቅ ብላ ትጠይቃለች።

የወለሉ ቀን ደረሰና ሁላችንም በደስታ ስንሯሯጥ አረፈድን። የአገሩ ሰው የሆነው ግንበኛ፣ ጺሙ የሞላ ዝምተኛ ሰውዬ፣ እያሳየን አሸዋውን፣ ጠጠሩንና ሲሚንቶውን አቡክተን የመጀመሪያውን ክምር አዘጋጀን። አካፋ ልናነሳ ስንል መሪያችን ኮፍያውን አወለቀ።

«ከማፍሰሳችን በፊት እንጸልይ። ማሳረጊያው የእማማ ነው።»

እኛ ስንጸልይ እጅ ለእጅ ተያይዘን ክብ እንሠራለን። አንዱ ሲጨርስ የጎኑን ሰው እጅ ጨበጥ ያደርጋል፤ ያኛው ይቀጥላል። የመጨረሻው አሜን ሳይባል ዓይን የሚገልጥ የለም። በዚያ ላይ ግንበኛው እንዲሰማ አስተርጓሚዋ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ትደግመዋለች። አንዱ ጸሎት ሁለት ሆነ ማለት ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ግንበኛው በመሐል ያስላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ደግሞ ያስላል። መንፈስ የነካው መስሎን «ሃሌሉያ!» አልን።

ተራው አክስቴ ጋ ደረሰ። አካፋዎቹን ባረከች። ልጆቹን፣ ገና የሚወለዱትን የልጅ ልጆቻቸውን፣ ያመጣንን የአውሮፕላን አብራሪ ከነሚስቱ ባረከች። ሚስት እንዳለው ማን እንደነገራት እንጃ።

አሜን ብለን ዓይናችንን ስንገልጥ ግንበኛው ክምሩን በአካፋ መታው። ቋ! አለ። ድንጋይ ሆኗል።

 ግንበኛው አንድ ነገር ተናገረ፤ አስተርጓሚዋ ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ምን አለ?» አለች አክስቴ።

«ጸሎት ማቋረጥ ነውር መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት፤ ሲሚንቶው ግን አረመኔ ነው፣ አሜን አያውቅም ነው የሚለው።»

ከአክስቴ በቀር ሁሉም ሳቀ። ግንበኛው የቀሩትን ከረጢቶች አየና ቀጠለ። ሌላ አንድ ክምር ከደረቀብን ወለሉ አይሞላም፤ ዛሬ ካላለቀ ደግሞ እኛ እስክንሄድ አይጠነክርም አለ። የአክስቴ ፊት አመድ መሰለ።

መሪያችን ቀስ ብሎ፣ «እማማ፣ እርስዎ ወጥ ቤት ገብተው ይጸልዩልን» አላት።

«ወጥ ቤት? እዚሁ ነኝ!» ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «እኔ አንሶላ ሳሽ ኖሬያለሁ። አፌ ሲጸልይ እጄ ቆሞ ያውቃል? በሉ፣ ተሰለፉ! ባልዲ ወዲህ በሉ!»

ከክምሩ እስከ ክፍሉ ጥግ ሰልፍ አስያዘችን። እሷ መሐል ቆማ ባልዲ ትቀበላለች፣ ታቀብላለች፣ በየባልዲው አንዳንድ ቃል ትጸልያለች።

«ጌታ ሆይ፣ ይህን! ያዝ አንተ! ጌታ ሆይ፣ ይህንንም! አንቺ፣ አታፍስሺው!»

አስተርጓሚዋ መተርጎሙን ትታ ባልዲ አነሳች። ባቦካን ቁጥር ግንበኛው በጉልበቱ ተንበርክኮ ያለሰልሳል። መዝሙር ስናነሳ ዝምተኛው ሰውዬም ከኛ ጋር ማዜም ጀመረ፤ ቃሉን ባያውቀውም ዜማው ገብቶታል። ላባችን ዓይናችን ውስጥ እየገባ፣ እየሳቅን፣ እየተጯጯህን፣ የመጨረሻዋን ባልዲ በሩ ሥር ስናፈስ ገና አልመሸም ነበር። ሁሉም ጮኸ። አክስቴ ጉልበቷን ይዛ አሸዋው ላይ ቁጭ አለችና ከሁላችንም በላይ እልል አለች።

በምንመለስበት ጠዋት ሻንጣው መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ ግንበኛው ወለሉን በተረከዙ ረገጥ ረገጥ አድርጎ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። መምህርቷ በሩን ከፈተች። ልጆቹ ግን ሰሞኑን «አትግቡ!» ሲባሉ ስለከረሙ ደፍ ላይ ተኮልኩለው ቀሩ። አንዱ አንዱን ይገፋል፣ የሚገባ የለም።

አክስቴ ጫማዋን አወለቀች፣ ቀሚሷን ሰበሰበችና እያነከሰች ሮጠች። ከዚህ ግድግዳ እስከዚያ ግድግዳ! ልጆቹ እየጮኹ ተከተሏት። ክፍሉ በእግር ዳና ደመቀ። መሪያችን ሊጠራት ሲገባ ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ እጁን ያዙትና ይጎትቱት ጀመር። ውጭ ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ውስጥ የሰማው የለም።