ቀድሞ የመጣው አልጋ

ልጄ ሰናይት ሚዛን ተፈሪ ላይ ቤት ልትገዛ ነው። ባለፈው እሑድ እኔ ወዳለሁበት ቴፒ መጥታ፣ ገና ከባጃጁ ሳትወርድ «አባዬ፣ ብሩ ሞላ!» አለችኝ። የሞላው የቤቱ ዋጋ ብቻ ነው። ስለ ስም ማዛወሪያው፣ ስለ ደላላው፣ ስለ ግብር ውዝፉ ስጠይቃት «እሱ አያሳስብህ፣ ለፋሲካ አንተም ትገባለህ። አልጋህን ቀድመን እንልከዋለን» አለች።

የመጀመሪያ ቤቴን እዚሁ ቴፒ የገዛሁት በነሐሴ፣ ጭቃው ጫማ በሚነጥቅበት ወቅት ነው። ወጣት የሒሳብ መምህር ነበርኩ። እናቴ ደጋው ላይ፣ ጌጫ፣ ብቻዋን ትኖር ነበር፤ የደጋው ብርድ ደረቷን ስለጎዳው ሐኪሙ ቆላ ውረጂ ብሏታል። ሁለቷን የጭቃ ክፍል የገዛሁት ለሷ ነው። «በጥቅምት መጨረሻ እወስድሻለሁ» አልኳት። አምናኝ ኖሮ በመስከረም አልጋዋን በጭነት መኪና ላከችልኝ።

ያጠራቀምኩት ለዋጋው ብቻ ነበር የበቃው። የቀረውን ወጪ የጓሮው ቡና ይከፍልልኛል ብዬ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በዛፎቹ መሐል እየዞርኩ፣ ያልቀላውን ፍሬ በዓይኔ ለቅሜ፣ አድርቄ፣ ሸጬ እገባለሁ። ይኸውላችሁ የሒሳብ መምህር!

በጥቅምት ቡናው ቀላ። አንድ ጠዋት ቤቱን የሸጡልኝ እትዬ አልማዝ ከወንዶች ልጆቻቸው ጋር ቅርጫት ይዘው መጡና መልቀም ጀመሩ።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«የኔ መምህር፣ ቤቱን ሸጥኩልህ እንጂ የዘንድሮን ፍሬ መቼ ሸጥኩልህ? የኮተኮትኩት እኔ አይደለሁ?»

የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ለሳቸው ፈረዱ። ውሉ ላይ ካልተጻፈ ዛፍ ላይ ያለው ፍሬ የሻጭ ነው፣ ይህን የማያውቅ የለም አሉ። እኔ አላውቅም ነበር።

ስሙ እስካልዞረ ድረስ ቤቱ በወረቀት የሳቸው ነው። ልጆቻቸው ደግሞ በርካሽ ሄደ እያሉ ማጉረምረም ጀምረዋል። ፈራሁ። ሁለቱንም ክፍል ለአንድ ነጋዴ ቤተሰብ አከራየሁና በስድስት ወር ቅድመ ክፍያ ስሙን አዛወርኩ። አልጋውንም ለተከራዮቹ ተውኩላቸው። ለእናቴ «ትንሽ ታገሺኝ» ብዬ አልጋውን ባመጣው ሾፌር ላክሁባት። «አይዞህ ልጄ፣ ደህና ነኝ» የሚል መልስ መጣ።

በጥር አረፈች።

ለቀብሯ ጌጫ ስደርስ ቤቷ ውስጥ ቀዝቃዛ የጭቃ መደብ፣ በላዩም ሣርና አንድ ጋቢ አየሁ። ጎረቤቷን «ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«አልጋዋ አንተ ጋ አይደል? ከመስከረም ጀምሮ እዚህ ነበር የምትተኛው። ከሰማ ይጨነቃል ብላ አስምላን ነው ዝም ያልነው።»

እኔ ግን አልጋው ሲመጣልኝ ምን ላይ ትተኛለች ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። ይህንን ለራሴ ይቅር ማለት እስከዛሬ አልቻልኩም።

ሰናይት ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። እሑድ ዕለት ነገርኳት። ከቦርሳዋ እስኪርብቶ አውጥታ «እሺ አባዬ፣ የቀረውን አንድ በአንድ ንገረኝ» አለች። ነገርኳት፤ ጓሮ ካለውም ፍሬው የማን እንደሆነ አስጽፊ አልኳት።

«ፋሲካውስ?»

«ቀን አትቁረጪልኝ። ሁሉም ተከፍሎ፣ ስሙ ዞሮ፣ ቁልፉ እጅሽ ሲገባ ጥሪኝ። አልጋው ከኔ ጋር በአንድ መኪና ይሄዳል።»